ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚጻፍ የሶፍትዌር መግለጫ፦ ከርክክብ ሰነድነት ወደ አገልግሎት አካልነት

የመንግሥት ተቋማት የዲጂታል ሥርዓቶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚዎች ነበሯቸው። አንደኛው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ቅጽ የሚሞላው ባለጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የራሱን ተቋም ሥርዓት ከሌላው ተቋም ሥርዓት ጋር በኤፒአይ የሚያገናኘው የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሦስተኛ ተጠቃሚ ተጨምሯል፤ ይኸውም በተለምዶ “ኤጀንት” እየተባለ የሚጠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ነው። ወኪሉ ከተጠቃሚው በተራ ቋንቋ የቀረበለትን ጥያቄ ተቀብሎ ከቀረቡለት የሶፍትዌር መሣሪያዎች መካከል የትኛውን መጠቀም እንዳለበት ይመርጣል፤ የሚፈለጉትን ግብዓቶች ራሱ ይሞላል፤ የተመለሰለትን ውጤት አንብቦም ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። በአማርኛ “ወኪል” ስንል በሰነድ የተረጋገጠ ውክልና የያዘ ሰው ትዝ ይለናል። ይህኛው ወኪል ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም፤ ያለው ቢኖር የተጻፈለትን የማንበብና በዚያ መሠረት የመሥራት ችሎታ ነው።

አሠራሩ የተስፋፋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ኦፕንኤአይ በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ሞዴሎቹ የውጭ የሶፍትዌር ተግባራትን እንዲጠሩ የሚያስችለውን አሠራር ለሶፍትዌር አበልጻጊዎች ክፍት አደረገ። አንትሮፒክ ደግሞ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. “ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል” የተባለውን፣ መሣሪያዎችና ወኪሎች የሚገናኙበትን ክፍት ደንብ ይፋ አደረገ፤ በወራት ልዩነትም ኦፕንኤአይ፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት ደንቡን እንደሚደግፉ አስታወቁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን መግለጽ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በታች ይብራራል።)

በዚህ ደንብ መሠረት አንድ መሣሪያ ለወኪሉ ራሱን የሚያስተዋውቀው በዋናነት በሦስት ነገሮች ነው፤ በስሙ፣ ሥራውን በሚያስረዳ አጭር መግለጫ እና በሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር። ወኪሉ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ኮድ በአብዛኛው አያይም። በስክሪኑ ላይ ባለጉዳዩን የሚመሩት ቀለማትና ምልክቶችም ሆኑ ሥርዓቱ ሥራ ሲጀምር ለሠራተኞች የተሰጠው ሥልጠና ለእርሱ የሉም። ስለዚህ መግለጫው የጎደለው ነገር ካለ ወኪሉ ጉድለቱን በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ትክክል በሆነ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም፤ በተሳሳተ ጊዜ ግን ስህተቱ የሚታየው ባለጉዳዩ ዘንድ ነው።

በተቋሞቻችን የሶፍትዌር ሰነድ አዘጋጃጀት እስካሁን የተለየ ልማድ አለው። ሰነዱ በአብዛኛው በሥራው ማብቂያ ላይ፣ ርክክብ ሲቃረብ፣ በአቅራቢው ድርጅት ይዘጋጃል፤ ቅጂው ይፈረምበታል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህ እስካሁን ከፍ ያለ ችግር ያላስከተለው መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ ሰነዱን ስለማይፈልገው ነው። ያልገባውን አጠገቡ ያለውን ባልደረባ ይጠይቃል፤ የማይሠራውን ቁልፍ በልምድ ያውቀዋል፤ ባለጉዳዩ “ቀኑ ተሳስቷል” ካለው ያስተካክላል። የአገልግሎታችን ከፊሉ ዕውቀት ያለው በሰነዱ ሳይሆን በእነዚህ ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ወኪሉ ደግሞ ይህን ዕውቀት የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም።

ከሰነዱ መኖር አልፎ የአጻጻፉ ቋንቋም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአስተዳደር አማርኛችን አድራጊውን የመደበቅ ዝንባሌ አለው። “መረጃው እንዲሟላ ይደረጋል” ሲባል ማን እንደሚያሟላው አይታወቅም። “አግባብ ያለው አካል ያጸድቃል” ሲባል አካሉ አልተሰየመም። “እንደአስፈላጊነቱ ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቃል” የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ መቼ፣ ምን ዓይነት ሰነድና ከማን እንደሚጠየቅ ሳይናገር ያልፋል። እነዚህ አባባሎች በደብዳቤና በመመሪያ ውስጥ የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ለወሳኙ ኃላፊ የመወሰኛ ቦታ ይተዋሉ። በመሣሪያ መግለጫ ውስጥ ሲገቡ ግን ያንን የመወሰኛ ቦታ የሚሞላው ኃላፊው ሳይሆን ወኪሉ ይሆናል። ይህ ከቋንቋ ውበት ያለፈ፣ የሥልጣን ጥያቄ ነው። የትኛው ሁኔታ ሲሟላ ተጨማሪ ሰነድ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ተቋሙ ከሆነ፣ ሁኔታው ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ደንቦችን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን ችግር ቀደም ብለው አስተውለዋል። በመጋቢት ወር 1989 ዓ.ም. የወጣው፣ ቁጥሩ 2119 የሆነው ሰነድ “ግዴታ ነው”፣ “ይመከራል” እና “ይፈቀዳል” የሚሉትን ቃላት ትርጉም ለይቶ አስቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጡ በርካታ ደንቦችም ቃላቱን በዚያው ትርጉም ይጠቀማሉ። በአማርኛም ይህን ማድረግ አያዳግትም። “ይገባል” የሚለው ቃል አንዳንዴ ግዴታን፣ አንዳንዴ ምክርን የሚያመለክት በመሆኑ፣ አንድ ተቋም በሰነዶቹ ሁሉ በምን ትርጉም እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ቢወስን ብዙ አሻሚነት ይወገዳል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች የሠለጠኑበት ጽሑፍ ቀንን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያሰፈረ ነው፤ በመሆኑም ሌላ ነገር ካልተነገራቸው ቀንን የሚረዱት በዚያ አቆጣጠር ነው። አንድ ባለጉዳይ በቅጽ ላይ 03/13/2016 ብሎ ቢጽፍ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነው። ወር አስቀድሞ የሚያነብ ሥርዓት ግን ያንኑ ማርች 13 ቀን 2016 አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ከስምንት ዓመት በላይ ልዩነት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት እንኳ ሊያጠራጥር ይችላል። ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው 04/05/2016ን የመሰለ፣ በየትኛውም አቆጣጠርና በየትኛውም ቅደም ተከተል ትክክለኛ ቀን የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ያልፋልና።

“ቀኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይጻፍ” የሚለው መመሪያ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አይኤስኦ 8601 የተባለው ደረጃ ቅደም ተከተሉን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ ይወስናል፤ መሠረቱም ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ባለጉዳዩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተናገረውን ቀን ወኪሉ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስተካክሎ ቢያስገባው ሥርዓቱ ይቀበለዋል፤ ስህተቱ ግን እንዳለ ነው። ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መደመርም አያዋጣም፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ሲውል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግሥት ግን በሴፕቴምበር 12 ይውላል። በመሆኑም መግለጫው መሣሪያው የሚቀበለው የትኛውን አቆጣጠር እንደሆነና ቀኑን የመቀየር ኃላፊነት የማን እንደሆነ በግልጽ መናገር አለበት።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:00 ነው። ወኪሉ ግን “3 ሰዓት” የሚለውን 03:00 ብሎ ቢያስገባ ሥርዓቱ ትክክለኛ ሰዓት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ቀጠሮውም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድም በመሆኑ፣ የስድስት ሰዓቱ የአቆጣጠር ልዩነትና የሦስት ሰዓቱ የሰዓት ቀጠና ልዩነት እርስ በርስ የመደበላለቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው። “2017” የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲቀርብም ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከመስከረም የሚጀምረው ዓመት፣ ከሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመት፣ ወይም የጎርጎርዮሳዊው 2017 ሊሆን ይችላል። አንድ ነጋዴ “የ2017ቱን ክፍያ አሳየኝ” ቢል የሂሳብ ሠራተኛው ሳያመነታ የበጀት ዓመቱን ያወጣል፤ ወኪሉ ግን ይህን የሚያውቀው ከተጻፈለት ብቻ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ ተቋም የቀጠሮ መያዣ መሣሪያውን “ቀጠሮ ይይዛል፤ ቀንና ሰዓት ያስገቡ” ብሎ ቢገልጸው ለሰው በቂ ሊመስል ይችላል። ለወኪል ግን ከዚህ የተሻለው መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦

“ይህ መሣሪያ በተመረጠው ቅርንጫፍ ለአንድ ባለጉዳይ አዲስ ቀጠሮ ይይዛል። ቀድሞ የተያዘን ቀጠሮ ለመለወጥ አያገለግልም፤ ለዚያ የቀጠሮ መለወጫውን ይጠቀሙ። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ በዓመት፣ ወርና ቀን ቅደም ተከተል ይገባል። ባለጉዳዩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ በቅድሚያ በቀን መቀየሪያው ይቀይሩ። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 09:00 ተብሎ ይጻፋል። ቀኑ ወይም ሰዓቱ አሻሚ ከሆነ ቀጠሮውን ከመያዝዎ በፊት ባለጉዳዩን ይጠይቁ።”

በዚህ መግለጫ ውስጥ ከሁሉም የሚጠቅሙት ምናልባት መሣሪያው የማይሠራውን የሚናገረው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገርና ወኪሉ ቆም ብሎ እንዲጠይቅ የሚያዘው የመጨረሻው ናቸው። ሰነድ አዘጋጆች መሣሪያው የሚችለውን በዝርዝር ይጽፋሉ፤ የማይችለውን መጻፍ ግን ጉድለትን እንደመናገር ስለሚቆጠር ይዘለላል።

ስምና መለያ ቁጥርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። “የቤተሰብ ስም” የሚል ግብዓት ሲገጥመው ወኪሉ የአባት ስም ይሙላ ወይስ የአያት? ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ተብሎ የተጻፈን ስም የፍለጋ መሣሪያው እንደ አንድ ያያቸዋል ወይስ እንደ ሦስት? “የመታወቂያ ቁጥር” የሚል ግብዓትስ ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ መለያ ቁጥር ነው የሚፈልገው ወይስ ፋን በመባል የሚታወቀውን ባለ 16 አሃዝ ቁጥር? መልሶቹ አንድ አንድ መስመር የሚፈጁ ናቸው።

ሰነዱ በተጻፈበት ጊዜ ትክክል የነበረ ነገርም ያረጃል። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ 9 የነበሩት ክልሎች 12 ሆነዋል፤ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን በአማራጭነት የያዘ የግብዓት ዝርዝር ዛሬ የሌለ አስተዳደር እየጠራ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህም “የሞባይል ቁጥር በ09 ይጀምራል” የሚል መግለጫ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለውን ዜጋ ያገላል። የመስኮቱ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ያረጀ መመሪያ በራሱ ማስተዋል ያልፈዋል፤ ወኪሉ ግን የተጻፈውን ያከብራል፤ ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነም ለባለጉዳዩ በትሕትና ይነግረዋል።

መረጃ የሚያነብ መሣሪያና ለውጥ የሚያመጣ መሣሪያ በግልጽ መለየታቸው ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በወጣው እትሙ ለዚህ የሚሆኑ ምልክቶችን አካቷል። አንድ መሣሪያ የሚያነብ ብቻ መሆኑን፣ ነባር መረጃን ሊያጠፋ ወይም ሊለውጥ የሚችል መሆኑን፣ በተመሳሳይ ግብዓት ቢደጋገም ተጨማሪ ለውጥ የማያስከትል መሆኑን ማመልከት ይቻላል። የመጨረሻው በተለይ የኔትወርክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ክፍያ ተልኮ ምላሹ ከመድረሱ በፊት መስመሩ ቢቋረጥ ወኪሉ እንደገና ሊልክ ይችላል። መሣሪያው አንድን ክፍያ በልዩ ቁጥሩ የሚለይ ከሆነ ሁለተኛው ሙከራ ጉዳት የለውም፤ ካልሆነ ግን ዜጋው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መግለጫው ወኪሉ ዳግም ከመላኩ በፊት የክፍያውን ሁኔታ የሚያጣራበትን መሣሪያ ሊጠቁመው ይገባል። (“ይገባል” እዚህ ላይ ግዴታን ያመለክታል።) የስህተት መልእክትም የሰነዱ አካል ነው። “ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ” የሚለው የተለመደ መልእክት ወኪሉን ያንኑ ስህተት እንዲደጋግም ይጋብዘዋል። “የተወለዱበት ቀን ከዛሬ በኋላ ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ” የሚለው ግን ወደ መፍትሔው ይመራዋል።

ስህተት ሲደርስ ተጠያቂው ማነው የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮች ለውሳኔ መቅረብ ጀምሯል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዳኝነት አካል በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በኤር ካናዳ ላይ የሰጠው ውሳኔ ተጠቃሽ ነው። የአየር መንገዱ የውይይት ሮቦት ዘመድ ለሞተበት መንገደኛ፣ የሐዘን ጊዜ ቅናሹን ከጉዞ በኋላም በ90 ቀናት ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረው፤ የዚያው ድርጅት ሌላ ገጽ ግን ይህ እንደማይቻል ይገልጽ ነበር። ድርጅቱ ሮቦቱ ለሰጠው መረጃ ኃላፊነት የለብኝም ሲል ተከራክሮ ነበር። ዳኝነት አካሉ ክርክሩን ሳይቀበለው ቀርቶ ለመንገደኛው ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፈል ወስኗል። ሮቦቱ ዛሬ ወኪል የምንለው ዓይነት ባይሆንም የጉዳዩ ፍሬ ነገር ለእኛም ይጠቅማል። አንድ ተቋም በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ነገር ጽፎ ሲገኝ ባለጉዳዩ የትኛውን ማመን እንደነበረበት መመርመር የባለጉዳዩ ሥራ አይደለም። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተወሰነ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የመሣሪያ መግለጫ ለሥራው የማያስፈልግ መረጃ ከባለጉዳዩ እንዲጠየቅ በር የሚከፍት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የደኅንነት ገጽታውም መዘንጋት የለበትም። ወኪሉ መግለጫን የሚያነበው እንደ መረጃ ብቻ ሳይሆን እንደ መመሪያም ጭምር ነው። ስለሆነም መግለጫውን የመቀየር ፈቃድ ያገኘ ሰው፣ ኮዱን ሳይነካ፣ የወኪሉን ተግባር ሊያዛባ ይችላል። እስካሁን የአጠቃቀም መመሪያን ማን እንደሚያርም የሚጨነቅ አልነበረም። ከእንግዲህ ግን ለኮድ የሚደረገው የፈቃድና የለውጥ ምዝገባ ቁጥጥር ለመግለጫውም ሊደረግለት ያስፈልጋል።

ሞዴሎች በየጊዜው እየተሻሻሉ ስለሆነ ይህ ሁሉ ድካም አላስፈላጊ ነው የሚል አስተያየት ሲሰነዘር ይሰማል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው፤ የተዝረከረከ አጻጻፍን የመረዳት አቅማቸው በእርግጥ አድጓል። ሆኖም አንድ ቅርንጫፍ የትኛውን ቁጥር እንደሚፈልግ ወይም ተቋሙ የትኛውን ዓመት እንደሚጠቀም የትም ካልተጻፈ የላቀ ሞዴልም ሊያውቀው አይችልም፤ የሚያደርገው ይበልጥ አሳማኝ ግምት መስጠት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር መጻፍም አይበጅም። ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ገደብ አለው፤ የበርካታ መሣሪያዎች ረጃጅም መግለጫዎች ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት የሚወስድ ሲሆን የላቲኑ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይወስዳል፤ በብዙ ሞዴሎችም የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል ወጪው ከፍ ይላል። ይህ አማርኛን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም። የአገልግሎቶችና የሰነዶች ሕጋዊ መጠሪያዎች ባለጉዳዩ በሚጠራቸው ቋንቋ፣ በሥራ ላይ እንዳሉ መስፈር አለባቸው፤ “የንግድ ምዝገባ” እና “የንግድ ሥራ ፈቃድ” በትርጉም አንድ ሆነው ቢቀርቡ የሚጎዳው ነጋዴው ነውና። ማሳጠር ያለበት በመሣሪያ መግለጫ ውስጥ ስለ ተቋሙ ራዕይና ተልዕኮ የሚጻፈው መግቢያ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ መግለጫውን ማን ይጻፈው የሚለው ነው። ፕሮግራመሩ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ባለጉዳይ በምን ቃል እንደሚጠይቅና የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያውቀው ግን የመስኮቱ ሠራተኛ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎችም ቋንቋውን የማስተካከል ድርሻ አላቸው። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ደግሞ በግዥው ቢጋር ውስጥ ሥራው በዝርዝር ሲካተት ነው። በዚያ ውስጥ መግለጫው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ እንደሚጻፍ፣ ኤፒአዮችን በአንድ ወጥ መልክ ለመግለጽ በስፋት የሚያገለግለውን፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር የሚገኘውን ኦፕንኤፒአይ የተባለ ክፍት ደረጃ እንደሚከተል እና ሥርዓቱ በተሻሻለ ቁጥር መግለጫውም እንደሚሻሻል ሊሰፍር ይችላል። የርክክቡ ፈተናም ቀላል ነው። በመስኮት ላይ ባለጉዳዮች በእርግጥ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች ሃያ ያህሉ፣ የግል መረጃቸው ወጥቶ፣ በተነገሩበት አማርኛ ይወሰዳሉ፤ መግለጫውን ብቻ ላነበበ ወኪልም በሙከራ ሥርዓት ላይ ይቀርባሉ። ወኪሉ በተሳሳተ ቁጥር የሚታረመው መግለጫው ይሆናል፤ ሃያዎቹ ጥያቄዎችም መግለጫው ወደፊት በተሻሻለ ቁጥር እንደገና ይቀርባሉ። ከጥያቄዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱ በጳጉሜን የሚውል ቀን ቢኖረው ይመረጣል።